የሰብለን መኪና ሳሞቅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ስልሳ። ትናንት ስልሳ ሁለት ነበር። ማንም አልነዳትም፣ ማንም አልገፋትም፣ ከቆመችበት ስንዝር ፈቀቅ አላለችም። ግን ሁለት ቀንሳለች።

ይህ ደብተር የተገዛው ለዓይን ጠብታ ነው። የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ በኋላ ነርሷ «አባባ፣ ጠብታውን ያደረጉበትን ሰዓት ይጻፉ፣ አለዚያ ይረሳሉ» አለችኝ። ልጄ ሰብለ ደብተሩን ገዝታ፣ በየገጹ መስመር አስምራ ሰጠችኝ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። እኔም ታክሲ ስነዳ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ዘይት የቀየርኩበትን ቀን የምጽፍበት ደብተር ከኪሴ አይጠፋም ነበርና እጄ መጻፍ ለምዷል። ከጠብታው ጎን የመኪናዋን ቁጥር መጻፍ ከጀመርኩ አሥር ቀኔ ነው። ዛሬ ግን ቁጥር ብቻ አልበቃኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብለን መሥሪያ ቤቷ ለአንድ ወር ሥልጠና ሐዋሳ ላካት። የተከራየችበት ግቢ ጥበቃ ስለሌለው መኪናዋን እኔ ወዳለሁበት ኮንዶሚኒየም አምጥታ ከብሎካችን ሥር አቆመችና ቁልፉን ሰጠችኝ። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። ስትሰጠኝ ባትሪዋ ሰባ ዘጠኝ ፐርሰንት ላይ ነበር። ሦስት ነገር አዘዘችኝ፦

ሐኪሙ ዳግመኛ እስኪያይህ ድረስ እንዳትነዳ።
ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ።
ከሃያ በታች ከወረደች ባትሪው ይጎዳል። ግን ቆማ እዚያ ድረስ አትወርድም፣ አታስብ።

ይኸው ቆማ እየወረደች ነው። በዚህ አካሄዷ ሰብለ ሳትመለስ ሃያ ትገባለች። ቻርጅ እንዳላደርጋት ገመዱ ሰብለ ቤት ተቆልፎበታል። ቢኖርም ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ መልቀቅ የሕንፃው ኮሚቴ ከልክሏል። ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ እንዳልወስዳት አልነዳም። ሰው እንዳይወስዳት ቁልፍ አልሰጥም። እጄም እግሬም ታስሯል።

ጥፋቱ የእኔ እንዳይደለ እግዜር ያውቃል። አያያዜን ያየ ሹፌር ሁሉ ይመስክር። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እወርዳለሁ። አቧራዋን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጎማዎቿን በጫማዬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ከዚያ አስነሥቼ ግማሽ ሰዓት አሞቃታለሁ። ቆሞ የሚያድር መኪና ካልሞቀ እንደሚሞት የማያውቅ ሹፌር የለም። የዚች ችግሯ ድምፅ የላትም። መነሣቷን የማውቀው መብራቱ ሲበራ ነው። መሞቋን ለማወቅ ደግሞ የሙቅ አየሩን ቁልፍ ከፍቼ እጄን አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አደርጋለሁ። እጄን ሲለበልበኝ፣ በቃ ሞቀች እላለሁ። እስክትሞቅ ሬዲዮ እሰማለሁ። ከዚያ ቁጥሯን ጽፌ እወጣለሁ።

ከሦስቱ ትእዛዝ ሌላ አንድ ነገር ብላኝ ሄዳለች። «ዓይንህ ይዳንልህ እንጂ ስመለስ ጠዋት ጠዋት ቢሮ የምታደርሰኝ አንተ ነህ፤ ቀኑን መኪናዋ አንተው ጋ ትውላለች።» ላዳዬን ከሸጥኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ይህቺን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚወስደኝ በየት በኩል ቢሮዋ እንደማደርሳት እያሰብኩ ነው። ታዲያ የቆመች መኪና መጠበቅ ላቃተው ሽማግሌ የምትሄድ መኪና ማን ይሰጠዋል?

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ሃምሳ ስምንት።

ጠብታ፦ ጠዋት አዎ። ቀትር ረስቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ማታ አዎ።

ሰብለ ከምሳ በኋላ ደወለች። ስለ ሐዋሳ ሙቀት፣ ስለ ዓሣው፣ ሲያወራ እንቅልፍ ስለሚያስወስደው አሠልጣኛቸው አጫወተችኝ። «መኪናዋስ?» አለች። ደህና ናት አልኩ። «ትነካካታለህ?» አለች። ኧረ እኔ ምን ልሠራ፣ አቧራዋን ጠረግ አደርጋለሁ እንጂ አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ማሞቅ ወንጀል አይደለም። ግን ማሞቁን ካነሣሁ ቁጥሯን ትጠይቀኛለች፣ ቁጥሯን ከነገርኳት ደግሞ ነገሩ አበቃ። በዚህ ዕድሜዬ ከክፍል እንደቀረ ተማሪ ስዋሽ ጆሮዬ ጋለ። እሷም «በርታ አባዬ» ብላ ዘጋች።

ማሞቁን የለመድኩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሳለን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርንባት የቀበሌ ቤት ግቢ የምትባል ነገር አልነበራትም፤ ላዳዬ የምታድረው ከመኝታችን ግድግዳ አንድ ክንድ ርቃ ነው። ቤቷ ጭቃ፣ መኪናዋ ቆርቆሮ። ክረምት ክረምት ቾኩን ጎትቼ ሳስነሣት አንዴ ትስላለች፣ ሁለቴ ትስላለች፣ በሦስተኛው ጎረቤት ሁሉ እያጉረመረመ ይነቃል። ባለቤቴ ዘነበች ከውስጥ «አንተ ሰውዬ፣ ጭሱን ወደዚያ አዙረው፣ ልትገድለን ነው ወይ» ትላለች። ወዴት አዙሬው? በዚያ በኩል የጎረቤት መስኮት ነው። በዚህ በኩል የእሷ አልጋ።

ሰብለ ያን ጊዜ የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነች። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ዳቦዋን በጥርሷ ነክሳ ትወጣና ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ ትሞቃለች። ሲግል እጇን ታነሣለች፣ ተመልሳ ታስቀምጣለች። «አባዬ፣ አሁን ደርሳለች» ትለኛለች ልክ እንደ ወጥ። እውነቷን ነው፣ እሷ ደርሳለች ስትል ሁልጊዜም ደርሳ ነበር። ያ ሰፈር አሁን የለም፤ እኛ ከነበርንበት ላይ ምን እንደተሠራ ሄጄ ማየት አልፈልግም። ዘነበችም ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ያቺን የኮፈን ላይ እጅ ዛሬ ጠዋት የሰብለን የቻይና መኪና ሳሞቅ ለምን እንዳስታወስኳት እንጃ። የዚችን ኮፈን ስነካው በረዶ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሃምሳ ስድስት። አልቻልኩም፣ ተክለ ሃይማኖት ለማ ጋ ወረድኩ።

ለማ የዕድሜ ልክ መካኒኬ ነው። የላዳዬን ሞተር ስድስት ጊዜ አውርዶ ስድስት ጊዜ መልሶ ጭኗል። አሁን ወገቡ እምቢ ስላለው ጋራዡን ዘግቶ የልጁ መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ያክመዋል። «ያ ካንዴላው ሄዷል» ይላል፤ «ያችኛዋ ፍሬኗ ብረት ለብረት ነው።» ባለመኪናዎቹ ሳይሰሙት ያልፋሉ።

ችግሬን ነገርኩት። አገጩን እያሻሸ አዳመጠኝና የመጀመሪያ ጥያቄው «ታሞቃታለህ?» ነበር። ግማሽ ሰዓት፣ በየቀኑ አልኩት። ሳቀብኝ።

«የካቲት ጠዋት ብርድ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም። ግማሽ ሰዓት ምን ትሆናታለች? ለውሻም አትበቃ። ሰዓት ሙሉ ስጣት፤ ሙቀቱንም እስከ መጨረሻው ክፈትላት።»

የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። «አላውቅም» አለ ምንም ሳያፍር። «ግን ባትሪ ባትሪ ነው።» ሲናገር እንዲህ ነው፣ ለማ ሲናገር ያልገባውም ነገር የገባው ይመስላል። ደግሞስ እኔ ምን አውቄ ልከራከረው? ካንዴላ የላትም፣ ዘይት የላትም፣ ማርሽ የላትም፤ ከእኛ ዕውቀት የተረፈላት ጎማ ብቻ ነው።

ከዚያ ወሬያችን ወደ ድሮ ሄደ። የላዳዬ ኮፈን ተነቅሎ ቀለም ሊቀባ በሄደበት ጊዜ ሳልሠራ ብውል ምን እንበላለን ብዬ ሦስት ቀን ያለ ኮፈን የሠራሁትን አነሣብኝ። ተሳፋሪው ፊት ለፊቱ ሞተሩን እያየ ይሄዳል። አንዲት ሴትዮ ከመርካቶ እስከ ልደታ ድረስ «ልጄ፣ ያ የሚሽከረከረው ነገር ደህና ነው?» እያለች መጣች። ለማ እስኪያስለው ሳቀ፣ እኔም የታከመው ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳቅኩ። ማልቀስ ለዓይኔ ይፈቀድ አይፈቀድ አልጠየቅኩም። እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ስንለያይ ከፍቶኝ ነበር፤ እግሬ እንጂ ልቤ ከዱካው አልተነሣም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ሃምሳ ሁለት።

እንደ ለማ ምክር ሰዓት ሙሉ አሞቅኳት። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ኮቴን አውልቄ በሸሚዝ ተቀመጥኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ስጨርስ ሃምሳ ሁለት። አራት ሙሉ በአንድ ቀን። ሲጨመርላት ይበልጥ ከጎደለች ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሰው አለ ማለት ነው አልኩ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦

አይጥ። ገመድ ይበላል ይባላል። ግን አይጥ ኤሌክትሪክ አይጠጣም።
ሌባ። በሩ አልተነካም።
መኪናዋ ራሷ ታማ ከሆነ። አዲስ ናት።
ሸምሱ።

የመጨረሻውን ስጽፍ አላፈርኩም፣ አሁን ነው የማፍረው። ሸምሱ የብሎካችን ጥበቃ ነው፤ የስልጤ ሰው፣ ዝምተኛ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በሆነ ዘዴ ከፍቶ እየተኛባት፣ ስልኩን እየሰካባት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቁልፉ ትራሴ ሥር መሆኑን እያወቅሁ። ሰው መጠርጠር ሲፈልግ ቁልፍ አይቸግረውም።

አመሻሽ ላይ ወርጄ «ሸምሱ፣ ሌሊት መኪናዋ ጋ የሚደርስ ሰው አለ?» አልኩት። የለም አለ። «አንተስ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «እሺ ጋሼ» ብቻ አለና ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። እሺ ለጥያቄዬ መልስ አይደለም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አርባ ስምንት።

ሸምሱ ሁልጊዜ ስወርድ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ዓይንዎ እንዴት አደረ፣ ጉልበትዎስ ይለኛል። ዛሬም ብድግ አለ፤ ሰላም አለኝ፤ ስለ ዓይኔ ግን አልጠየቀም። ሳልፈው እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ወንበሬን እሷ ጋ አስጠግቼ ነው ያደርኩት። ድመት እንኳ አልተጠጋትም። ከእርስዎ በቀር በሯን የሚከፍት የለም።»

በነገር ሊወጋኝ ይሆናል ብዬ መኪናዋን ከፍቼ ገባሁ። ሰዓት ሙሉ አሞቅኳት፤ አራት ጎደለ። ቤት ገብቼ ምሳዬን ስበላ ግን ቃሉ አልለቅ አለኝ። ከእርስዎ በቀር።

አንድ ጊዜ ላዳዬን ሌላ ሹፌር ቀን ቀን ይሠራባት ነበር፤ እግሬን ጀሶ አስሬ የተኛሁ ጊዜ ነው። ነዳጅ ይጎድልብኛል፤ እሱ አልነካሁም ይላል፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የሚያድረው ዘበኛ አልነካሁም ይላል። ያን ጊዜ ዘነበች ናት ዘዴውን ያመጣችው። ማታ ቀጭን ሽቦ ታንከሩ ውስጥ ታስገባና የረጠበበት ላይ በክር ታስራለች። ጠዋት መኪናዋ ሳትነሣ መልሳ ታስገባዋለች። እርጥበቱ ክሩ ጋ ከደረሰ ሌሊት ንጹሕ ነው፤ ሌባው ቀን ላይ ነው ያለው። እንዲህ አድርጋ ሁለት ሰው ከሐሜት አወጣችልኝ፤ ለካ የታንከሩ ብየዳ ላልቶ ስትነዳ ነበር የምታንጠባጥበው። እኔ የተናደድኩት ሽቦውን ለምን እኔ አላሰብኩትም ብዬ ነው። ዘነበች መንዳት አታውቅም ነበር።

ዛሬም ዘነበች ነች ያሰበችልኝ። እስከ ዛሬ ቁጥር የምጽፈው ካሞቅኩ በኋላ ብቻ ነው። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ወርጄ አየኋት፦ አርባ ስምንት። ትልቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ነገ ሳላስነሣ አያታለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ከማስነሣቴ በፊት፦ አርባ ስምንት።

ካስነሣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ አርባ አራት።

ሌላ የምጽፈው ባይኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ልጻፈው። አርባ ስምንትን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ የሸምሱ ጀርባ ነው። ሌሊቱ ንጹሕ ነው። ከዚያ እንደ ልማዴ አስነሣሁ፣ ሙቀቱን ከፈትኩ፣ ሬዲዮኑን ከፈትኩ፣ ዓይኔን ከቁጥሩ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። አርባ ሰባት ሆነ። መተንፈስ ፈራሁ። አርባ ስድስት። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ፤ ግን አላጠፋሁም። ለምን እንዳላጠፋሁ እንጃ፤ ምናልባት ዳኛው ፍርዱን እስኪጨርስ መቆም ስላለብኝ ነው። አርባ አምስት። አርባ አራት። ሌባው መሪ ጨብጦ ተቀምጧል፣ ዜናውን እየሰማ፣ በሰብለ ኤሌክትሪክ እጁን እየሞቀ።

ሞተር የላትማ። የሚሞቅ ነገር የላትም። ሳሞቅ የከረምኩት ራሴን ነው።

አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። ያፈርኩት በሸምሱ ነው። የተናደድኩት በለማ፣ ለውሻም አትበቃ ያለው። ሆዴን ያባባው ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን በልቤ የያዝኩት ዕውቀት፣ ቾኩ፣ ማሞቁ፣ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጡ፣ ይህን ሁሉ ለሰው ላስተምር ስል የሚፈልገው የለም፤ ጭራሽ ጥፋት ሆኗል። ሰብለ ይህንን ብታውቅ መሪ ትሰጠኛለች? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አልሰጥም።

ቅበላ ነው ዛሬ፤ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ለሸምሱ ከቅበላው ልውሰድለት እንዳልል የእኛን ሥጋ አይበላም። ዘንድሮ ግን ጾማችን ተያይዞ ነው የሚገባው፣ የእኛ ነገ፣ የእነሱ ሮመዳን በዚሁ ሳምንት። ተምር ገዝቼ ወረድኩ። ሌሊት ንጹሕ ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ተምሩን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ እኔማ ከመጀመሪያውም አውቄያለሁ» አለ። «በየጠዋቱ መስኮቷ እስኪላብ ድረስ ሲያግሏት አያለሁ። ምን ብዬ ልንገርዎት? ሹፌር እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ዓይንዎ እንዴት አደረ አለኝ። እዚያው ቆሜ ልስመው ቃጣኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

አልወረድኩም። አላስነሣሁም።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንደ ልማዴ ለብሼ፣ ጨርቄን ይዤ፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ አንድ ሰዓት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ምን አድርጌ እንደማሳልፋት ጠፋኝ። የመጀመሪያው የጾም ቀን ነውና ልደታ ልሳለም ብዬ ወጣሁ፤ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስመለስ ሸምሱ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጋሼ፣ የት ጠፉ? ሰብለ አራት ጊዜ ደወለችልኝ፤ አባቴን እይልኝ፣ በሩን ስበር አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ሳንኳኳ ነው የቆየሁት።»

ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ በረጅሙ ተነፈሰች። «ስልክህን አላነሣ ስትለኝ ነው» አለች። ስልኬን ሳላነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ወይ? በሳምንት ሁለቴ እረሳዋለሁ፤ በር ስበሩ ብላ አታውቅም። ምን ነካሽ ስላት፣ ምንም፣ ክፍል ልገባ ነው ብላ ዘጋች።

ቀትር ላይ መኪናዋን አየኋት። አርባ አራት። ከትናንት አንዲት አልቀነሰችም። ድል ነው፣ ብቻዬን ያከበርኩት ድል። ለሰብለ መንገር አማረኝ፤ ግን አርባ አራትን ለመንገር የጠፋችውን ሠላሳ አምስት መናገር አለብኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አርባ አራት። ዛሬም አላስነሣሁም።

አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሰብለ። በዚህ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«አባዬ፣ አሞሃል?»

ደህና ነኝ አልኳት።

«ታዲያ ለምን አላስነሣሃትም?»

እንዴት አወቅሽ አልኳት። ከዚያ ሁሉንም አወራችኝ። መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ሰብለ ስልክ ላይ ድምፅ አለ። በመጀመሪያው ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ሐዋሳ ሆቴሏ ውስጥ ስልኳ ሲጮህ ሌባ ወሰዳት ብላ ደንግጣ ተነሣች፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ስታየው መኪናዋ እንደቆመች ናት፣ ሙቀቱ ተከፍቷል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል። «አንተ መሆንህን አወቅኩ፤ ላዳዋን እያሞቅክ መሆኑን አወቅኩ» አለች። ቁጥሯን በየቀኑ ታየዋለች። ሃምሳ ስድስትን ታውቃለች። ለማ ሰዓት ሙሉ ያስደረገኝን ቀን «አባዬ ዛሬ በርዶታል» ብላለች። እኔ ደህና ናት፣ አቧራ ብቻ እጠርጋለሁ ስላት እያወቀች ነበር።

ማሞቅ እንደሚጨርሳት ታውቂያለሽ አይደል አልኳት። አውቃለሁ አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ብነግርህ ታቆማለህ» አለች።

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እማዬ የሞተች ቀን ጠዋት ደውዬልህ፣ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት እፈራለሁ አባዬ። ደውዬ ደህና ነኝ ብትለኝም አላምንህም። እዚህ ከመጣሁ ግን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮሃል፤ አባዬ ተነሣ እላለሁ፤ ከዚያ እኔም እነሣለሁ። ትናንት ሳይጮህ ቀረ።»

ያን ቀን እውነቴን ነበር፣ ተኝታለች ነው የመሰለኝ። ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ ድረስ ተኝታለች ነው የመሰለኝ። ይህን ከሰብለ ጋር አንሥተነው አናውቅም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ዛሬ ተነጋገርን። እሷ እዚያ አለቀሰች፣ እኔ እዚህ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ እጅህን ወደ ዓይንህ አታድርስ ስላለኝ እንባዬን አልጠረግኩትም፣ ዝም ብዬ ለቀቅኩት።

በመጨረሻ የሚያብሰለስለኝን ጠየቅኳት። ሠላሳ አምስት ፐርሰንት ያጠፋ ሰው መሪ ይሰጠዋል ወይ አልኩ። «መንዳቱን ሐኪሙ ይወስን» አለች። «እኔ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።»

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሸምሱ ጾም ገብቷል። ከንፈሩ ደርቆ እንኳ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለኝ።

የሐኪም ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። የግራ ዓይኔ አሁንም ጠርዙ ላይ ጭጋግ ያሳየኛል፤ እየባሰበት ነው ወይስ እየዳነ ነው፣ አላውቅም። ላይፈቅድልኝም ይችላል። ሌሊቱን ይህንን ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወረድኩ። ሙቀት አልከፈትኩም፣ ሬዲዮ አልከፈትኩም። አስነሣሁና ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውስጧ ቀዝቃዛ ነው፣ እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩት። መብራቷ ከበራ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኩ ጮኸ።

«ተነሣህ?» አለች፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ።

ተነሣሁ አልኳት።

«እኔም ልነሣ» አለች። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም። አጠፋሁና ወጣሁ።

አርባ ሦስት። ይውረድ።